የስደተኛ ቃል በምን ሚዛን ይመዘናል?



በረመዷን ወር አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ አንዲት እናት እዚህ አምበር ወደሚገኘው ቤቴ መጡ። ልጃቸው ባሕር ማዶ ነው። ጥገኝነት ጠይቆ ማመልከቻው ውድቅ ሆኖበታል፤ ይግባኝም ብሏል። እናቲቱ የያዙት ወረቀት ልጁ በስልክ የላከውና እርሳቸው ኮምፒዩተር ቤት ያሳተሙት ነው። ጽሑፉ ተዘጋጅቶ አልቋል፤ የቀረው የእኔ ስምና ፊርማ ብቻ ነው። ወጣቱ በታጠቁ ሰዎች እየተደበደበ ሲወሰድ በዓይኔ አይቻለሁ እንድል ያዘኛል።

እኔ ግን አላየሁም። ልጁን አውቀዋለሁ፤ በሕፃንነቱ አሊፍ ባ ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ። በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. ይሠራበት ከነበረው ሌላ ከተማ በማለዳ እያነከሰ ሲመጣ አይቻለሁ። ጀርባው ላይ ያለውን ሰንበር በሞቀ ውኃ ያጠብኩለትም እኔ ነኝ። ማን እንደመታው፣ የት እንደመታው፣ ስለምን እንደመታው ግን እርሱ ከነገረኝ በቀር የማውቀው ነገር የለም።

ይህንኑ ለእናቲቱ ነገርኳቸው። ‹‹ሼህ፣ ልጁን ያውቁታል፤ ውሸታም አለመሆኑንም ያውቃሉ። ታዲያ አንዲት ፊርማ ምን አላት?›› አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። ጥቂት ቀን ይስጡኝ ብዬ ሸኘኋቸው።

በእነዚያ ቀናት ሁለት ነገሮች ግራና ቀኝ ያዙኝ። አላህ (ሱ.ወ.) የሚያውቀውን ምስክርነት የደበቀ ሰው ልቡ ኃጢአተኛ መሆኑን በሱረቱል በቀራ ነግሮናል። ስለዚህ ዝም ማለት አልችልም። በሌላ በኩል ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ከባባድ ወንጀሎችን ሲዘረዝሩ ተደግፈው ነበር፤ ወደ ሐሰት ምስክርነት ሲደርሱ ግን ቀና ብለው ተቀምጠው ደጋግመው እንዳስጠነቀቁ ቡኻሪ ዘግበዋል። ስለዚህ የተሰጠኝን ወረቀት መፈረምም አልችልም። በዚህ መካከል ልጁ ውድቅ የተደረገበትን ውሳኔ አስልኬ እንግሊዝኛ ለሚያውቅ ወዳጄ ሰጥቼ አስነበብኩት። ውሳኔው ባጭሩ የሚለው ቃሉ እርስ በርሱ ስለሚጋጭ አይታመንም ነው። ለመሆኑ የስደተኛ ቃል የሚታመነው ወይም የማይታመነው በምን ሚዛን ነው? ዛሬ በዚህ ዓምድ ልንማማርበት የፈለግሁት ይህንን ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

እንደሚታወቀው ዛሬ ዓለም የሚሠራበት ዋናው ሕግ በ1951 እ.ኤ.አ. የወጣው የስደተኞች ስምምነት ነው። ኢትዮጵያም በ1969 እ.ኤ.አ. ተቀብላዋለች። በዚህ ስምምነት መሠረት ስደተኛ የሚባለው በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ የአንድ የተለየ ማኅበራዊ ቡድን አባል በመሆኑ ወይም በፖለቲካ አመለካከቱ ምክንያት እንዳይሳደድ በቂ መሠረት ያለው ፍርሃት አድሮበት ከአገሩ ውጭ የሚገኝ ሰው ነው። በዚያው በ1969 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የጸደቀው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስምምነት ደግሞ ትርጉሙን አስፍቶ፣ ጦርነትና የሕዝብን ጸጥታ ክፉኛ የሚያናጋ ሁኔታ የሸሸውንም ሰው ስደተኛ ይለዋል። ድህነት ግን በሁለቱም ውስጥ አልተጻፈም። ብዙ ወጣቶቻችን የሌለ ታሪክ ለመፍጠር የሚፈተኑትም እዚህ ላይ ነው።

አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው፣ ሕጉ ከስደተኛው እርግጠኛነትን አለመጠየቁን ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1987 እ.ኤ.አ. በሰጠው ፍርድ ከአሥር አንድ የመሆን ዕድል ያለው አደጋ እንኳ በቂ መሠረት ያለው ፍርሃት ሊባል እንደሚችል ገልጿል። የአውስትራሊያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ1989 እ.ኤ.አ. አደጋው እውነተኛ ዕድል ያለው ከሆነ ይበቃል ብሏል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በገንዘብ ክርክር የተሳሳተ ዳኛ ገንዘቡን ሊያስመልስ ይችላል፤ ሰውን ወደ ገዳዩ የመለሰ ዳኛ ግን ምኑን ያስመልሳል?

የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን በ1979 እ.ኤ.አ. ያወጣው የአሠራር መመሪያም ይህንን ተከትሎ ይሄዳል። የማስረዳት ግዴታ በመጀመሪያ የአመልካቹ ነው፤ እውነቱን አጣርቶ የማውጣቱ ሥራ ግን የአመልካቹና የመርማሪው የጋራ ነው ይላል። ከእሳት የሸሸ ሰው ሰነዱን ሁሉ ሸክፎ አይወጣምና። አመልካቹ ያለውን ሁሉ አቅርቦ፣ ቃሉ በጥቅሉ የሚታመን ከሆነና ከታወቀ ሐቅ ጋር ካልተጣላ፣ በቀረው ጥርጣሬ ሊጠቀም ይገባዋል። እንዲያውም አመልካቹ የተናገረው ሐሰት ቢገኝ፣ ሐሰቱ ብቻውን ማመልከቻውን ውድቅ ለማድረግ ምክንያት እንደማይሆን፣ ከጠቅላላ ሁኔታው ጋር መታየት እንዳለበት መመሪያው ይገልጻል።

ይህ ለፈረንጆች አዲስ ግኝት ሊመስል ይችላል። ለእኛ ግን የስደተኛን ቃል የመስማት ጉዳይ ከኢስላም ታሪክ መጀመሪያ ጋር፣ ከዚህችም አገር ጋር የተያያዘ ነው።

የነጃሺ ችሎት

በ615 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዎቹ ሙሃጅሮች ባሕር ተሻግረው ወደ ሐበሻ መጡ። ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብደላህ ኢብኑ አቢ ረቢዓን ልከው ይመለሱልን አሉ። ሁላችን ከልጅነት ጀምሮ ስንሰማው ያደግነው ታሪክ ነው። ዛሬ ግን እንደ አንድ የጥገኝነት ችሎት እንመልከተው።

መልእክተኞቹ ነጃሺ የሚወደውን የመካ ቆዳ ገጸ በረከት ይዘው ነበር። በመጀመሪያ ያደሉት ግን ለንጉሡ ሳይሆን በዙሪያው ላሉት የሃይማኖት አባቶች ነው። ዓላማቸውም ንጉሡ ስደተኞቹን ሳያናግር አሳልፎ እንዲሰጣቸው እንዲመክሩት ነበር። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ልብ በል! ዐምር ከሁሉ ይበልጥ የፈራው ስደተኛው እንዳይሰማ ነው። መካሪዎቹም እንደተባሉት መከሩ፤ ሕዝባቸው ስለ እነርሱ የበለጠ ያውቃል፣ ይመልሷቸው አሉ። ነጃሺ ተቆጣ። አገሬ መጥተው ከሌላው ሁሉ እኔን መርጠው የተጠጉኝን ሰዎች ሳልጠይቃቸው አልሰጥም አለ። አስጠራቸው።

ስደተኞቹም ምን እንበል ብለው ተመካከሩ። የሚናገሩት የሚያውቁትንና ነቢያቸው ያስተማሯቸውን ብቻ እንዲሆን፣ የመጣው ይምጣ ብለው ተስማሙ። ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) ንግግሩን የጀመረው ደግሞ የራሱን ሕዝብና የራሱን የቀድሞ ነውር በመናገር ነበር። ጣዖት እናመልክ ነበር፣ የሞተ እንበላ ነበር፣ ዝምድና እንቆርጥ ነበር፣ ብርቱው ደካማውን ይበላ ነበር አለ። ከዚያም መልእክተኛው እንደመጣላቸው፣ ስለ እምነታቸው እንደተሰቃዩ፣ ስለዚህም እንደወጡ አስረዳ። ንጉሡ ከመጣላችሁ ነገር ያላችሁ አለን ብሎ ሲጠይቅ ከሱረቱ መርየም ቀራለት። ነጃሺ ከሚያውቀው ጋር አመሳከረው፤ ከአንድ ምንጭ የወጣ መሆኑን መሰከረ።

በማግስቱ ዐምር ተመልሶ መጣ። ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ.) ከባድ ነገር ይናገራሉ ብሎ ከሰሳቸው። ስደተኞቹ ለሁለተኛ ጊዜ ተጠሩ። ያን ጊዜ አንድ ቃል ቢያለዝቡ፣ አንድ ነገር ቢያድበሰብሱ የሚያተርፉ ይመስል ነበር። አላደረጉትም። የአላህ ባሪያና መልእክተኛ፣ ወደ ድንግል መርየም የጣለው ቃሉና ከእርሱ የሆነ መንፈስ ነው አሉ። ሹማምንቱ አጉረመረሙ፤ ነጃሺ ግን በሰላም ኑሩ ብሎ ገጸ በረከቱን መለሰ።

ከዚህ ችሎት የምንማረው ብዙ ነው። ሰሚው በአንድ ወገን ወሬ አልፈረደም፤ ስጦታ አልገዛውም፤ ማስረጃ ከመካ አምጡ ብሎም አላዘዘም፤ መካ ያለው አሳዳጃቸው ነውና። ተናጋሪዎቹ ደግሞ የሚያስነውራቸውን አልደበቁም፤ ለሰሚው ጆሮ የሚጣፍጠውን መርጠው አልተናገሩም፤ ቃላቸውም በመጀመሪያውና በሁለተኛው ቀን አንድ ነበር። የዳኑት በሁለቱም ወገን ሐቅ ነው። አንደኛው ቢጎድል ምን ይፈጠር እንደነበር እናስብ!

ፈትኑ፤ አትመልሱም

ሁለተኛው ትምህርት በሱረቱል ሙምተሐና 10ኛ አንቀጽ ላይ ይገኛል። የሱራው ስም ራሱ ከመፈተን የመጣ ነው። በ628 እ.ኤ.አ. የሁደይቢያ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ኡሙ ኩልሱም ቢንት ዑቅባ (ረ.ዐ.) ከመካ ሸሽታ መዲና ገባች። ወንድሞቿ እግር በእግር ተከትለው እንድትመለስላቸው ጠየቁ። አንቀጹ ምእመናት ነን ብለው የተሰደዱ ሴቶች ሲመጡ እንዲፈተኑ፣ ምእመናት መሆናቸው ከታወቀም ወደ አሳዳጆቻቸው እንዳይመለሱ አዘዘ። በፈተናውም ከባል ጥላቻ ወይም ከአገር አገር መርጣ ወይም ዱንያ ፈልጋ ሳይሆን ለአላህና ለመልእክተኛው ብላ መውጣቷን ትምል እንደነበር ከኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) ተዘግቧል።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮች በአንድ አንቀጽ ተያይዘው እናገኛለን። አንደኛ፣ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ የታዘዘ ነው። ስለዚህ ስደተኛ ለምን ተጠየቅሁ ብሎ ሊቆጣ አይገባውም። ሁለተኛ፣ በልብ ያለውን የሚያውቀው አላህ ብቻ መሆኑ በትእዛዙ መካከል ተነግሯል። ስለዚህ ፈታኙ የሚደርስበት የውጩን ብቻ መሆኑን አውቆ አንደበቱንና ብዕሩን መግታት አለበት። ሦስተኛ፣ ቃሏ የታመነላት አትመለስም። ዛሬ የ1951ዱ ስምምነት በ33ኛው አንቀጹ ስደተኛን አደጋ ወዳለበት መመለስ የሚከለክለው ይህንኑ ነው።

የኡሳማ ኢብኑ ዘይድን (ረ.ዐ.) ታሪክም እናስታውስ። በጦር ሜዳ አንድ ሰው ሸሃዳ ሲል ፈርቶ ነው ብሎ ገደለው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ልቡን ሰንጥቀህ አይተህ ኖሯል ወይ ብለው እስኪጨንቀው ድረስ ደጋግመው ጠየቁት። ዛሬም አንድ መርማሪ በቂ ምክንያት ሳይኖረው ይህ ሰው ይህን የሚለው ወረቀት ለማግኘት ነው ብሎ ሲጽፍ ያው ጥያቄ ሊቀርብለት ይገባል።

የሐዲስ ሊቃውንት ሚዛን

ቃል እንዴት እንደሚመዘን ከእኛ ዑለማዎች የበለጠ የደከመ ማን ነው? የሐዲስ ሊቃውንት ስለ አንድ ዘጋቢ ሁለት ነገር ይጠይቃሉ። አንደኛው ዐዳላ ነው፤ ሰውየው በዲኑና በጠባዩ የሚታመን ነው ወይ? ሁለተኛው ዶብጥ ነው፤ የሰማውን በትክክል ይይዛል ወይ? ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። በደጅነቱ የሚወደድ፣ ግን ትውስታው የደከመ ሰው አለ። እንዲህ ያለውን ሊቃውንቱ ደካማ ይሉታል እንጂ ውሸታም አይሉትም። ውሸታም የሚለው ቃል እጅግ ከባድ ስለሆነ ያለ ማስረጃ አይጣልም። ቃላቱ ተለዋውጦ መልእክቱ አንድ ከሆነም አብዛኞቹ ሊቃውንት ዕውቀት ካለው ሰው ይቀበሉታል።

የልጁን ውሳኔ ሳነብ ያሳዘነኝ ይህ ልዩነት መጥፋቱ ነው። ቀን የረሳ ሁሉ ዋሸ ተብሏል። የተደበደበ፣ የታሰረ ወይም የተደፈረ ሰው ድርጊቱን አጥርቶ እያስታወሰ ቀኑን ሊስት፣ ቅደም ተከተሉን ሊያደባልቅ ይችላል። እኛም ወላጅ የቀበርንበትን ቀን ስንጠየቅ፣ ዝናብ እንደነበር እናስታውሳለን፤ ወሩ በስንት እንደነበር ግን እናቅማማለን።

ይሁን እንጂ ያው የሐዲስ ዕውቀት ለእኛም የሚያስፈራ ነገር ይዟል። ተልቂን የሚባል ነገር አለ። ዘጋቢው ሌላ ሰው በጆሮው የነገረውን እንደራሱ አድርጎ ሲያወራ ማለት ነው። ኢብኑ ሶላሕ (በ1245 እ.ኤ.አ. የሞቱት) ተልቂን በመቀበል የታወቀ ሰው ዘገባው እንደማይወሰድ ጽፈዋል። እስቲ ደላላ የሚሸጠውን የጥገኝነት ታሪክ በዚህ ሚዛን እንየው። አንድ ታሪክ ለአሥር ሰው ይሸጣል፤ አሥሩም በአንድ ቃል፣ በአንድ ቅደም ተከተል ያንኑ ይናገራሉ። መርማሪው በሦስተኛው ላይ ይነቃል። ከዚያ በኋላ አራተኛ የሚመጣው፣ በእርግጥ የተገረፈው ሰው፣ የሚጠብቀው ጆሮ የተዘጋ ነው። የተገዛ ታሪክ የሚጎዳው ገዢውን ብቻ አይደለም፤ ከኋላ የሚመጣውን የእውነተኛውን ስደተኛ ሐቅ ይበላል። ይህ የሰው ሐቅ ነው፤ የሰው ሐቅ ደግሞ በተውባ ብቻ እንደማይወርድ እናውቃለን።

ተጋጨ የተባለው ምኑ ነው?

አሁን ወደ ልጁ ጉዳይ እንመለስ። በውሳኔው ላይ የተዘረዘሩት ግጭቶች አራት ናቸው።

የመጀመሪያው ቀን ነው። በመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ ጥቅምት 2013 ብሏል፤ አስተርጓሚው ኦክቶበር 2013 ብሎ አልፎታል። በሁለተኛው ጊዜ ሌላ አስተርጓሚ አስልቶ ኦክቶበር 2020 አለው። መርማሪው የሰባት ዓመት ልዩነት አገኘ። እኛ ግን ጥቅምት 2013 ዓ.ም. በእነርሱ አቆጣጠር 2020 መሆኑን ማንም ተማሪ ይነግረናል።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ያለው አንድ ቦታ ከምሽቱ 9፣ ሌላ ቦታ ከንጋቱ 3 ሰዓት ተብሎ ተጽፏል። ሁለተኛው ነው ትክክሉ።

ሦስተኛው ወንድም የሚለው ቃል ነው። አንድ ጊዜ ወንድሜ አብሮኝ ነበር ብሏል፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ወንድም የለኝም፣ የእናቴ አንድ ልጅ ነኝ ብሏል። አብሮት የነበረው የአጎቱ ልጅ ነው። አብረው ያደጉ ናቸውና ወንድሜ ካላለው ምን ይበለው? ይህንኑ ተከትሎ ደግሞ የአጎቱ ልጅ የአባት ስም ከእርሱ የተለየ መሆኑ አስጠርጥሮታል። በፈረንጅ አገር ቤተሰብ በአንድ የቤተሰብ ስም ይጠራል፤ የእኛ ሰው ግን በአባቱ ስም እንጂ በቤተሰብ ስም አይጠራም።

አራተኛው የትውልድ ቦታው ነው። አንዴ ጎጃም፣ አንዴ አነደድ፣ አንዴ አማራ ክልል ብሏል ተብሎ ተጽፏል። አምበር የአነደድ ወረዳ ከተማ ነው፤ አነደድ በምሥራቅ ጎጃም ዞን፣ ዞኑም በአማራ ክልል ነው። ሦስቱም አንድ ቦታ ነው!

ከአራቱ ግጭቶች አንዱም የልጁ ውሸት አይደለም። አንድ ጥያቄ ቢጨመር፣ ‹‹በየትኛው አቆጣጠር ነው?›› ቢባል የሚፈቱ ናቸው። ሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣላችሁ አጣሩ፣ ባለማወቅ ሰዎችን ጎድታችሁ እንዳትጸጸቱ የሚለን ለዚህ ነው። ማጣራት ማለት ግጭት ሲታይ መልሶ መጠየቅ ነው እንጂ ግጭቱን መዝግቦ ሰውየውን ማሰናበት አይደለም።

አንዲት ኢትዮጵያዊት በአውስትራሊያ

በዚህ ረገድ በ1999 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የታየ የአንዲት አገራችን ሴት ጉዳይ አለ። ታስሬ ነበር፣ በእስር ላይም ተደፍሬያለሁ ብላ የጥበቃ ቪዛ ጠየቀች። ጉዳዩን ያየው የስደተኞች ጉባኤ ታሪኳን አላመናትም። ክርክሩ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በመጨረሻም አልረታችም። ነገር ግን ዳኞቹ ገመውና ሄይን በዚያ ፍርድ ውስጥ የጻፉት ሐሳብ ከዚያ ወዲህ ይጠቀሳል። ጥገኝነት ጠያቂ ምናልባት ለነፃነቱ፣ ምናልባትም ለሕይወቱ የሚታገል ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ታሪኩን ለማድመቅ ቢፈተን አያስደንቅም፤ ስለዚህ አንዱ ነገር ተጋኖ ስለተገኘ ሌላው ሁሉ ሐሰት ነው ማለት አይደለም የሚል ነው።

አንባቢ ይህን ለማጋነን ፈቃድ አድርጎ እንዳይወስደው አደራ እላለሁ። ዳኞቹ የተናገሩት ለመርማሪ ነው እንጂ ለአመልካች አይደለም። እኛ ለአመልካቹ የምንለው ሌላ ነው፤ ያቺ የተጨመረች ቅመም እውነተኛውን ወጥ ታበላሻለች።

‹‹ያልዋሸ አያገኝም››

ይህን ስል የሚመልሱልኝ ወጣቶች አሉ። ‹‹ሼህ፣ እርስዎ አምበር ተቀምጠው ነው የሚናገሩት። እዚያ እውነቱን የተናገረው ተመለሰ፤ የዋሸው ወረቀት አገኘ›› ይላሉ። እንዲህ ያለ ነገር እንደሚያጋጥም አልክድም። ሰው ሚዛን ሲይዝ ይሳሳታል። ነገር ግን ጥያቄው እንዲህ ቢሆንስ? በእርግጥ የተሰቃየ ሰው የሌላ ሰው ሥቃይ ለምን ይገዛል? የራሱ ታሪክ ትንሽ መስሎት አይደለምን? ደላላው የሰውየውን ጠባሳ አይቶ ይህ አይበቃም፣ በጥይት ተመታሁ በል ይለዋል። የጥይት ጠባሳ ሐኪም ሲያየው አይገኝም፤ የዱላው ጠባሳም አብሮ ይወድቃል። የልጃችንም ጉዳይ ወደዚያው እያመራ ነበር።

ደግሞስ እኛ ሁልጊዜ ጠያቂ ብቻ ነን ወይ? አገራችን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞችን ተቀብላለች። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲጀመር በመተማ በኩል ወደ ክልላችን የገቡትን እናስታውስ። ለእነርሱ እንዲሰጣቸው የምንሻውን ጆሮ ነው ለልጆቻችን የምንጠይቀው፤ ከእነርሱ የምንጠብቀውን ሐቅ ነው ከልጆቻችንም የምንጠብቀው።

ምን እናድርግ?

ባሕር ማዶ ዘመድ ያላችሁ ሁሉ የሚከተለውን አድርሱልኝ።

1. የራስህን ታሪክ በራስህ ቋንቋ ተናገር። ቀን ስትጠቅስ ሁልጊዜ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው ወይም በፈረንጅ ነው በል። ሰዓትም እንዲሁ።

2. አላስታውስም ማለት መልስ ነው። ያላወቅኸውን ቀን ከመፈብረክ፣ ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ነበር፣ ከዒድ በኋላ ነበር ማለት ይበልጣል።

3. ወንድም፣ እናት፣ አጎት ስትል በሥጋ እንዴት እንደምትዛመዱ ጨምረህ ግለጽ።

4. አስተርጓሚው ካልገባህ ወይም ካልገባው በዚያው ሰዓት ተናገር። የተጻፈው ይነበብልኝ በል። አስተርጓሚ የሆናችሁ ወንድሞችና እኅቶችም ሥራችሁ አማና ነው፤ አትጨምሩ፣ አትቀንሱ።

5. አስቀድመህ የተሳሳተ ነገር ተናግረህ ከሆነ፣ ሳይደረስብህ ራስህ አርመው፤ ለምን እንዳልከውም ንገር።

6. ሴቶች እኅቶቻችን የደረሰባቸውን በወንድ ፊት መናገር ካቃታቸው፣ ሴት ጠያቂና ሴት አስተርጓሚ እንድትመደብላቸው ከመጀመሪያው ይጠይቁ። ቆይቶ የተነገረ ነገር አዲስ የተፈጠረ ይመስላልና።

7. ምስክር የምትሆን ሰው ሌላ የጻፈውን አትገልብጥ። ያየኸውን ለብቻው፣ የሰማኸውን ከማን እንደሰማህ ጠቅሰህ ለብቻው፣ የማታውቀውንም አላውቅም ብለህ ጻፍ።

በመጨረሻ እኔ ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ። የተሰጠኝን ወረቀት መለስኩ። በራሴ እጅ አንድ ገጽ ጻፍኩ። ልጁን ከስንት ዓመቱ ጀምሮ እንደማውቀው፣ በየትኛው ወርና በየትኛው አቆጣጠር ወደ አምበር እንደመጣ፣ እንዴት ያነክስ እንደነበር፣ ጀርባው ላይ ምን እንዳየሁ ዘረዘርኩ። ማን እንደመታው አላየሁም፤ እርሱ የነገረኝ ግን ይህ ነው ብዬ በተለየ አንቀጽ አሰፈርኩ። ወንድሜ የሚለው ሰው የአጎቱ ልጅ መሆኑን፣ አምበር፣ አነደድና ጎጃም የተለያዩ ቦታዎች አለመሆናቸውን አስረዳሁ። ፈረምኩበት።

እናቲቱ ሲነበብላቸው ‹‹አላየሁም›› የሚለው ላይ ሲደርስ ፊታቸው ወደቀ። ‹‹ሼህ፣ ይህቺ ቃል ልጄን ብታስመልስብኝስ?›› አሉ። አልዋሸኋቸውም፤ እንደማታስመልስ ቃል ልገባላቸው አልቻልኩም። ‹‹ያየሁትን የሚያምኑኝ ያላየሁትን አላየሁም ካልኩ ነው›› አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና ወረቀቱን አጥፈው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። ልጁ ዘንድ ደርሷል። የይግባኙ ውሳኔ ይህን እስከምጽፍ ድረስ አልመጣም።

አላህ የተሰደደውን ሁሉ በአማን ያሳርፈው፤ የሚናገረውን በሐቅ የሚናገር፣ የሚሰማውንም በፍትሕ የሚሰማ ያድርገው። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።